የወደብ ወይን

ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከጂን ጠርሙስ ጀርባ፣
ሃያ ሁለት ክረምት ሲወጣ ሲገባ፣
አቧራውን ለብሶ፣ አንገቱን በሰም አስሮ፣
ኖረ ያ ጠርሙስ፣ አባቴን ቀብሮ።

ያመጣው ሹፌር ነው፣ ወርዶፋ የሚሉት፣
ከጅቡቲ አዳማ ጅቦች የሚያውቁት፤
ከአንድ መርከበኛ በሲጋራ ለውጦ፣
ከወንበሩ ሥር፣ በጋቢው ሸጉጦ፣
«እንካ ቶለሳ» አለው፣ «ወደብ ይዤ መጣሁ።»
«ባሕሩንስ?» አለ አባቴ።
«ባሕሩን እዚያው ጣልሁ።»
ስሙ ነው እንዲያ ያስባለው፤
ፖርቶ ማለት በአገሩ ወደብ ማለት ነው።

እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነኝ፣ ብርጭቆ አጣቢ፣
የጠርሙስ ወረቀት እንደ ዳዊት አንባቢ፤
ፖርቱጋልን የማውቃት በልጣጭ ብቻ ነበር፣
ከኑራ ኤራ እርሻ መጥቶ፣ በጋሪ ብርቱካን ሲቸረቸር።
ስንልጥ፣ ስንመጥ ኖረን፣ ሳንጠግብ፣ ሳንረካ፣
የአገር ስም ኖሯል፣ ብርቱካን ለካ።

በኋላ ሆቴል ሥራ ስማር፣ መምህርት አስካለ ካርታ ሰቅላ፣
«የወይኑ ወንዝ ዶሮ ይባላል» ስትል ክፍሉን ሳቅ በላ።
«ወጡስ?» አለ አንዱ ከኋላ።
እሷ ግን አልሳቀችም። ገደሉን በጠመኔ ሣለችው፤
ጥቁር ስስ ድንጋይ ነው፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ፣
ቀን የጠጣውን ፀሐይ ለሥሩ ሌሊት ያስረከበ።
እርከን በእርከን፣ በእጅ ክምር፣ እንደ ኮንሶ ተራራ፤
የእኛ ዓደይ ሲፈካ እዚያ ሰዉ ተቃቅፎ፣
እስከ ጉልበቱ ወይን ውስጥ ቆሞ፣ እየረገጠ ሲያቅራራ።

«አሁን ምስጢሩን ስሙ» አለች።
ጭማቂው ሲፈላ ስኳሩን ይበላል፤
ዝም ካሉት ሁሉንም በልቶ ይጨርሳል።
ያ ደረቁ ነው፤ ሰው አያባብልም፣
ከዚያው ገደል ይወጣል፤ ጥሩ ነው፣ አይዋሽም።
ፖርቶን ግን መንገድ ላይ ያስቆሙታል፣
በእኩሌታው፣ አረቄ አፍስሰው ያስተኙታል፤
ያልበላው ስኳር፣ ያልጨረሰው መንገድ፣
ጣፋጭ ሆኖ ይቀራል፣ ወዶ ሳይሆን በግድ።

ያን ማታ ቤት ስገባ አባቴን ቆሜ አየሁት፣
ባንኮኒውን ሲወለውል፣ ሺህ ጊዜ እንዳየሁት።
አንዴ በባቡር ተሳፍሮ፣ ባሕር ሊያይ ወጥቶ፣
ድሬዳዋ ጣቢያ እናቴን አግኝቶ፣
እሷን ይዞ ተመለሰ።
«ባሕሩ የትም አይሄድ» ይል ነበር፣ ሲጠይቁት።
ሌላ ባቡር አልተሳፈረም።

አዋሽስ? በቆቃ መብራት አብርቶ፣
ወንጂን ስኳር አድርጎ፣ የመርቲን ወይን አጠጥቶ፣
ጨው ሊቀምስ ጥቂት ሲቀረው፣ ባሕሩ ሲሸተው፣
አፋር ላይ አሸዋው «እረፍ» ይለዋል፤ ያስተኛው።
ወንዝ ሁሉ ወደብ አይደርስም።

ዛሬ ወርዶፋ መጣ፣ በከዘራ፣ አንድ ዓይኑ በሞራ ተሸፍኖ፤
ንፋሱ የበሩን መጋረጃ ሲነፋው፣ ሸራ መስሎ፣ ጀልባ ሆኖ።
ቡሹ ሲነካ ፈረሰ። በነጠላዬ ጫፍ አጠለልኩት፣
በሻይ ብርጭቆ፣ ጠብታ ሳላባክን ቀዳሁት።
ቀለሙ ቀይ አልነበረም፤ ዝገት ነው፣ የባቡር ሐዲድ፤
ሽታው የቁም ሣጥን፣ የዘቢብ፣ የወንጂ ሸንኮራ ሲነድ።

ወርዶፋ አንዴ ጎነጨ። «የሳል መድኃኒት ነው» አለ።
ደግሞ ጎነጨ። ዝም አለ።
ውጭ ተሳቢዎች በጅቡቲ መንገድ ያጓራሉ፣
ባዶ የሄዱት ሞልተው ይመለሳሉ።
ብርጭቆውን ገልብጦ፣ በጣቱ ጠርጎ ላሰ፤
«ወይኔ!» አለ ቀስ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ንፋሱ መለሰ።
ጠርሙሱን ይሁን ጓደኛውን፣
አልጠየቅሁትም።
ደግሜ ቀዳሁለት፤ ለአባቴም ሦስተኛውን።